ኮይል ሲጠፋ የሚወጣውን የቮልቴጅ ዝላይ ማፈን፦ ለሪሌ፣ ለኮንታክተርና ለሶሌኖይድ ቫልቭ ዝርዝር መመሪያ

ማሽኑ ደህና ይሠራል። አንድ ኮንታክተር (ትልቅ ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ፣ በኮይል የሚሠራ ስዊች) ሲለቅ ግን ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ማለትም ፒኤልሲው፣ ድንገት ይጠፋና መልሶ ይነሳል። ወይም ቆጣሪው ያልመጣ ዕቃ ይቆጥራል። ወይም ደግሞ የአንዲት ትንሽ ሪሌ ኮንታክት በየጊዜው ተጣብቆ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ ይመረመራል፣ ፓወር ሰፕላይ ይቀየራል፣ ግራውንድ ይፈተሻል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፦ ኮይሉ፣ ማለትም ስዊቹን የሚስበው ጥምጥም ሽቦ፣ ሲጠፋ የሚተፋው ቮልቴጅ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንዳንዴ አንዲት ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዕቃ) ትበቃለች። ግን "ዳዮድ ግጠምበትና ተገላገል" የሚለው ምክር ሁልጊዜ አይሠራም። ኤሲ ኮይል ላይ ዳዮድ ከገጠማችሁ ሾርት ነው የሠራችሁት። ቶሎ መልቀቅ ያለበት ብሬክ ላይ ከገጠማችሁ ደግሞ ማሽኑ ዘግይቶ ይቆማል። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሁለት ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት።

ኮይሉ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ኮይል ከረንት ሲያልፍበት በመግነጢሳዊ መስኩ ውስጥ ኃይል ያከማቻል። ስዊቹ ሲከፈት ያ ከረንት በአንዴ ዜሮ መሆን አይችልም። ኮይሉ ከረንቱን ለማስቀጠል ሲል ቮልቴጁን የግድ ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ያውም በተገለበጠ አቅጣጫ። ፖዘቲቭ የነበረው ጫፍ ኔጋቲቭ ይሆናል። ቮልቴጁ የሚገኘው ኢንዳክታንሱን (ኮይሉ የከረንት ለውጥን የሚቃወምበትን መጠን) ከረንቱ በሚለወጥበት ፍጥነት በማባዛት ነው። ፍጥነቱ ከጨመረ ቮልቴጁም ይጨምራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1832 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ረጅም ሽቦ ከባትሪ ሲለያይ ጠንካራ ብልጭታ እንደሚሰጥ፣ ሽቦው ከተጠመጠመ ደግሞ እንደሚበረታ ጽፏል። የኢንዳክታንስ መለኪያ በስሙ የተጠራው በከንቱ አይደለም። የቤንዚን ሞተር ካንዴላም እሳት የሚያገኘው በዚሁ ዘዴ ነው። እዚያ ሆን ተብሎ ይፈለጋል፤ ፓኔል ውስጥ ግን ማንም አልጋበዘውም።

በቁጥር እንየው። የ24 ቮልት ዲሲ ሪሌ አለን እንበል። የኮይሉ ሬዚስታንስ 600 ኦም ነው። ስለዚህ 40 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ኢንዳክታንሱ 1 ሄንሪ ቢሆን የተከማቸው ኃይል 0.8 ሚሊጁል ብቻ ነው። ይህ ከምንም አይቆጠርም። ግን መውጫ ካላገኘ ያለው ማረፊያ በኮይሉና በሽቦው መካከል ያለችው ጥቃቅን ካፓሲታንስ ናት። እሷ 1 ናኖፋራድ ብትሆን ቮልቴጁ በሒሳብ ከ1,200 ቮልት ያልፋል። በተግባር እዚያ ላይደርስ ይችላል። ምክንያቱም ከዚያ በፊት ወይ ኮንታክቱ መካከል አርክ ይነሳል፣ ወይ 60 ቮልት ብቻ የሚችለው ትራንዚስተር ይሰበራል። ሁለቱም እኛ የማንፈልጋቸው ማፈኛዎች ናቸው።

የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው፦ ኃይሉ የግድ የሆነ ቦታ ይሄዳል። እኛ የምንመርጠው የት እንደሚሄድና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ነው። ጭነት የያዘ መኪናን ቀስ ብሎ ማቆም ጭነቱን አይጎዳም፣ ግን ረጅም መንገድ ይወስዳል። ኮይልም እንደዚያው ነው። ዝላዩን ዝቅ ባደረግነው ቁጥር ኮይሉ ለመልቀቅ ይዘገያል። ሁሉም ምርጫ በዚህ ሚዛን ላይ ነው የሚያርፈው።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት

ፓኔሉን አጥፉ፣ ቆልፉ፣ በቴስተር ሞቶ እንደሆነ አረጋግጡ። ካፓሲተር ያለበት ማፈኛ ካለ ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በሬዚስተር አስለቅቁት። አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ትልቅ ኮይልን በ9 ቮልት ባትሪ እየነካኩ መሞከር የተለመደ ነው። ባትሪውን ስታላቅቁ ሁለት ጣታችሁ በኮይሉ ጫፎች ላይ ካለ ያስደነግጣችኋል። 9 ቮልቱ አይደለም የመታችሁ፤ ኮይሉ ነው።

ደረጃ 1፦ ኮይሎቹን መዝግቡ

ወረቀት አውጡ። ለእያንዳንዱ ኮይል የሚከተለውን ጻፉ፦ ኤሲ ነው ወይስ ዲሲ፣ ስንት ቮልት፣ ስንት ከረንት፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ይበራል ይጠፋል። የዲሲ ኮይል ከረንት ቀላል ነው። ሬዚስታንሱን ለኩ፣ ቮልቴጁን አካፍሉ፣ አለቀ። የኤሲ ኮይል ግን በኦም ብቻ አይሰላም። እሱ ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ከተዘጋ በኋላ ይቀንሳል። ስለዚህ የኤሲውን ከዳታሺቱ ውሰዱ።

ውስጡ ማፈኛ ያለው ኮይል እንዳለም እዩ። አንዳንድ ሪሌዎች ዳዮድ ተሠርቶባቸው ይመጣሉ። ምልክቱ ሰውነታቸው ላይ ይሣላል፤ ኮይሉ ላይም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይጻፋል። ኤሌክትሮኒክ ኮይል ያላቸው ኮንታክተሮችም ብዙዎቹ ማፈኛቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። እነዚህ ላይ መደረብ ትርፍ ነው።

ደረጃ 2፦ ማን እንደሚያጠፋው እዩ

ይህ ከኮይሉ እኩል አስፈላጊ ነው። የሚያጠፋው ሜካኒካል ኮንታክት ከሆነ ጠላቱ አርክ ነው። አርኩ ብረቱን ይበላል፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያሸጋግራል፣ በመጨረሻም ያጣብቀዋል። ሰውነቱ ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት እንጂ ለኮይል አይደለም። ለኮይል የሚሠራው ቁጥር አይኢሲ 60947-5-1 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ለዲሲ "ዲሲ-13"፣ ለኤሲ "ኤሲ-15" ተብሎ ለብቻው ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ከትልቁ ቁጥር በጣም ያንሳል።

የሚያጠፋው ትራንዚስተር ከሆነ ደግሞ ጠላቱ ቮልቴጅ ነው። የፒኤልሲ ትራንዚስተር አውትፑት ስንት ቮልት እንደሚችል መመሪያው ላይ ፈልጉና ጻፉ። ውስጡ ማፈኛ እንዳለው የሚገልጽ መስመር ልታገኙም ትችላላችሁ። ያ ካለ አውትፑቱ አይሞትም። ግን ከረንቱ ከኮይሉ እስከ ካርዱ ድረስ ባለው ረጅም ሽቦ ይዞራል። ያ ሽቦ አንቴና ነው። ስለዚህ ውስጣዊ ማፈኛ አለ ብዬ ኮይሉን ባዶ አልተወውም።

ትራያክ (ኤሲን የሚያበራና የሚያጠፋ ኤሌክትሮኒክ ስዊች) ወይም ሶሊድ ስቴት ሪሌ ከሆነ ሦስተኛ ጣጣ አለ። ቮልቴጁ በጣም ፈጥኖ ከጨመረ ማንም ሳያዘው ራሱ ይበራል። ለእሱ ካፓሲተር ያለበት ማፈኛ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ የመልቀቂያ ጊዜው ያገባናል ወይ?

ለመብራት፣ ለፋን፣ ለማስጠንቀቂያ ደወል ሪሌ ጥቂት ሚሊሰከንድ ምንም አይደለም። ግን የሚከተሉት ላይ ቆም በሉ፦ ሞተር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዞሩ ጥንድ ኮንታክተሮች፣ የሞተር ብሬክ፣ ክላች፣ መጠን የሚለካ ቫልቭ፣ የድንገተኛ ማቆሚያ ሰርኪዩት። እነዚህ ላይ መዘግየት ወይ ሥራ ያበላሻል፣ ወይ ሰው ይጎዳል። የድንገተኛ ማቆሚያ ሰርኪዩት ላይ የኮንታክተሩና የሴፍቲ ሪሌው አምራች ከፈቀዱት ማፈኛ ውጪ አትግጠሙ። የመቆሚያው ርቀት የተሰላው በዚያ የመልቀቂያ ጊዜ ነውና።

ደረጃ 4፦ ለዲሲ፣ ዳዮድ

መዘግየቱ ካላስጨነቀ ዳዮድ አቻ የለውም። ኮይሉ እንደበራ ዳዮዱ ተዘግቶ ይቀመጣል። ሲጠፋ ኮይሉ አቅጣጫ ይገለብጣል፣ ዳዮዱ ይከፈታል፣ ከረንቱ በኮይሉና በዳዮዱ መካከል እየዞረ ይሞታል። ስዊቹ የሚያየው 24 ቮልት ሲደመር 0.7 ቮልት ብቻ ነው።

አገጣጠሙ፦ ቀለበት ያለበት ጫፍ ካቶድ ነው። ካቶዱን ወደ ፖዘቲቭ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ኤ1 ወደሚባለው የኮይሉ ጫፍ አስሩት። ሌላውን ወደ ኤ2። አውትፑቱ ፖዘቲቩን የሚልክም ይሁን ኔጋቲቩን የሚያወርድ፣ የዳዮዱ አቅጣጫ አይለወጥም። ሁልጊዜ የሚታየው ኮይሉ ሲበራ ፖዘቲቭ የሚሆነው ጫፍ ነው።

ምርጫው፦ በዳዮዱ የሚያልፈው ከፍተኛ ከረንት ኮይሉ ሲሠራ የነበረው ከረንት ራሱ ነው። ከዚያ አይበልጥም። ለእኛ ሪሌ 40 ሚሊአምፔር። 1ኤን4007 የተባለው ዳዮድ 1 አምፔርና 1,000 ቮልት ስለሚችል ለአብዛኛው የ24 ቮልት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ትንሿ 1ኤን4148 ለትንሽ ሪሌ ትሠራለች፤ ግን ቮልቴጇ 100 ብቻ ነው። ፓኔል ውስጥ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ስፓይክ አይጠፋም። ስለዚህ ወፍራሟን እመርጣለሁ።

አንድ ልዩ ሁኔታ። ኮይሉ በፒደብልዩኤም፣ ማለትም በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየበራና እየጠፋ የሚነዳ ከሆነ 1ኤን4007 አይሆንም። ለመዘጋት ይዘገያል፣ በዚያች ቅጽበት ትራንዚስተሩን ሾርት ያደርገዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፈጣን ዳዮድ ወይም ሾትኪ ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ዳዮዱ ካዘገየ

ያችኑ የ600 ኦም ሪሌ እንያት። ከረንቷ ከ40 ወደ 4 ሚሊአምፔር ሲወርድ ትለቃለች እንበል። በዳዮድ ብቻ ይህ ወደ 3.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ 600 ኦም ሬዚስተር ብንጨምር ወደ 1.9 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። በሬዚስተሩ ፋንታ የ24 ቮልት ዜነር ዳዮድ (በተገለበጠ አቅጣጫም ከተወሰነ ቮልቴጅ በላይ የሚያሳልፍ ዳዮድ) ብናደርግ 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሒሳብ ነው። እውነተኛ ሪሌ ውስጥ ብረቱ ሲንቀሳቀስ ኢንዳክታንሱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም።

መዘግየት ብቻም አይደለም ችግሩ። በዳዮድ ብቻ የታፈነች ሪሌ ኮንታክቷን የምትከፍተው ቀስ ብላ ነው። ያ ኮንታክት ትልቅ ጭነት የሚያቋርጥ ከሆነ አርኩ ይረዝማል። ኮይሉን የሚያጠፋውን ስዊች አዳንን ብለን የሪሌዋን የራሷን ኮንታክት እናቃጥላለን። ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ ይህ ነው።

ዜነሩ እንዴት ይገባል? ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ፣ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ሆኖ። ቀለበቶቹ ወይ ይተያያሉ፣ ወይ ሁለቱም ወደ ውጪ ይዞራሉ። ዳዮዱ ግን እንደ በፊቱ ነው፤ ካቶዱ ወደ ፖዘቲቭ ጎን ያያል። ዳዮዱን ረስታችሁ ዜነሩን ብቻ ካስገባችሁ ፈጣን መልቀቅ የለም። ወይ እንደ ተራ ዳዮድ ይሆናል፣ ወይ ገልብጣችሁት ከሆነ ኮይሉ ሲበራ ሾርት ያደርጋል።

ቮልቴጁን አስሉ። ስዊቹ የሚያየው ፓወር ሰፕላይ ሲደመር ዜነር ሲደመር 0.7 ነው። 24 ሲደመር 24 ሲደመር 0.7፣ ወደ 49 ቮልት። ሰፕላዩ 20 በመቶ ከፍ ቢል 54 አካባቢ ይደርሳል። 60 ቮልት የሚችል ትራንዚስተር ይተርፋል፣ በጭንቅ። 36 ቮልት ዜነር ብትገጥሙ ግን አይተርፍም።

ባለሁለት አቅጣጫ ቲቪኤስ ዳዮድም (የቮልቴጅ ዝላይን ለመቁረጥ የተሠራ ዳዮድ) ይሠራል። ፖላሪቲ ስለሌለው ተገልብጦ አይገጠምም፣ ኤሲም ዲሲም ላይ ይሆናል። ግን ሰው የሚስተው እዚህ ነው፦ "33 ቮልት" የሚል ቲቪኤስ መምራት የሚጀምረው ከ36 ቮልት በላይ ነው። ኮይሉ ላይ ከተገጠመ 24ቱ ይደመርበታል፣ ስዊቹ ከ60 ቮልት በላይ ያያል። አውትፑታችሁ ደካማ ከሆነ ቲቪኤሱን በኮይሉ ፋንታ በትራንዚስተሩ ጫፎች ላይ ግጠሙት። ያን ጊዜ ትራንዚስተሩ የሚያየው ቲቪኤሱ የፈቀደውን ብቻ ነው። ዋጋው ግን ከረንቱ በፓወር ሰፕላዩ በኩል መዞሩ ነው።

ኮይሉ ብዙ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ የዜነሩን ሙቀት አትርሱ። ኃይሉን በሰከንድ በሚጠፋበት ብዛት አባዙ። 0.8 ሚሊጁል በሰከንድ 10 ጊዜ 8 ሚሊዋት ነው፤ ቀልድ ነው። ትልቅ ሶሌኖይድ ግን ቀልድ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ለኤሲ

ዳዮድ እርሱት። ያሉት ሁለት ዋና ምርጫዎች አርሲ እና ቫሪስተር ናቸው።

አርሲ ማለት ሬዚስተርና ካፓሲተር በተከታታይ ነው። ካፓሲተሩ ኃይሉን ይቀበላል፣ ሬዚስተሩ ያቃጥለዋል። የቮልቴጁን ከፍታ ብቻ ሳይሆን የመነሻ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ለዚህ ነው ለሬዲዮ ጫጫታና ለትራያክ የሚመረጠው። መነሻ መጠኑ፦ ኮንታክቱ ለሚያቋርጠው ለ1 አምፔር ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮፋራድ፣ ለ1 ቮልት ከ0.5 እስከ 1 ኦም። በተግባር ለትንንሽ የ230 ቮልት ኮይሎች 0.1 ማይክሮፋራድና ከ100 እስከ 220 ኦም በብዛት ይታያል።

ካፓሲተሩ "ኤክስ2" የሚል ደረጃ ያለው መሆን አለበት። ይህ ለመስመር ቮልቴጅ የተሠራ ነው፤ ሲበላሽ እሳት እንዳይፈጥር ተደርጎ። ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ሌላ ካፓሲተር፣ ቮልቴጁ ቢበቃ እንኳ፣ እዚህ ቦታ የለውም። ሬዚስተሩ ደግሞ የአፍታ ከረንት መሸከም አለበት። 230 ቮልት ጫፉ 325 ቮልት ነው። በ100 ኦም ሲካፈል በአንድ አፍታ ከ3 አምፔር በላይ ነው። ሩብ ዋት ሬዚስተር አትጠቀሙ። 1 ወይም 2 ዋት የሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነት ምት የተሠራ ይሁን።

አርሲውን ኮይሉ ላይ እንጂ ኮንታክቱ ላይ መግጠም የማይመከርበት ምክንያት አለ። ኮንታክቱ ሲከፈት ካፓሲተሩ ከኮይሉ ጋር በተከታታይ ይቀራል። 0.1 ማይክሮፋራድ በ230 ቮልት 50 ኸርዝ ወደ 7 ሚሊአምፔር ያሳልፋል። ለትልቅ ኮንታክተር ምንም አይደለም። ትንሽ ሪሌ ግን በዚያ ብቻ ተይዛ ልትቀር ትችላለች። "አጠፋሁት፣ አይለቅም" የሚል ቅሬታ ስትሰሙ መጀመሪያ ኮንታክቱ ላይ አርሲ ፈልጉ።

ቫሪስተር ከተወሰነ ቮልቴጅ በታች ዝም ይላል፣ ሲያልፍ ይመራል። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የመልቀቂያ ጊዜውን ብዙ አያራዝምም። ለ230 ቮልት ኤሲ ኮይል 275 ቮልት የሚል ይገጠማል። ይህ ማለት ግን ዝላዩ 275 ላይ ይቆማል ማለት አይደለም። መምራት የሚጀምረው 430 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከረንቱ ሲበዛ ቮልቴጁም ከፍ ይላል። ለኮንታክት ይበቃል። ዝላዩ የሚነሳበትን ፍጥነት ግን አይቀንስም፣ ስለዚህ ጫጫታው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሌላው ጉድለቱ፣ ምት በተቀበለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ማርጀቱ ነው። በደቂቃ ብዙ ጊዜ የሚጠፋ ኮይል ላይ አርሲን እመርጣለሁ።

የሞተር ብሬክ ለብቻው ይታይ። ብዙዎቹ ከኤሲ የሚነሱ፣ በሬክቲፋየር በኩል ዲሲ የሚያገኙ ናቸው። ኤሲው ጎን ከተቋረጠ ሬክቲፋየሩ ራሱ እንደ ዳዮድ ሆኖ ከረንቱን ያዞራል፣ ብሬኩ ዘግይቶ ይይዛል። ዲሲው ጎን ከተቋረጠ ቶሎ ይይዛል፤ ግን ዝላዩ ትልቅ ስለሆነ ቫሪስተር የግድ ነው። ጭነት በሚያነሳ ማሽን ላይ ይህ ልዩነት ጭነቱ ከመያዙ በፊት ምን ያህል እንደሚንሸራተት ይወስናል።

ደረጃ 7፦ ቦታው

ማፈኛው ኮይሉ ጫፍ ላይ ይሁን። ፓኔሉ ውስጥ ያለው ተርሚናል ላይ አይደለም፣ ፒኤልሲው አጠገብም አይደለም። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ከረንቱ የሚዞርበት ክብ ትንሽ ይሆናል። ትንሽ ክብ ትንሽ ጫጫታ ይረጫል። ማፈኛው ፓኔል ውስጥ፣ ቫልቩ ደግሞ 20 ሜትር ርቆ ከሆነ 20ው ሜትር ሽቦ የሴንሰሩ ሽቦ አጠገብ እየጮኸ ነው።

ሁለተኛ፣ በማፈኛውና በኮይሉ መካከል ኮንታክት ሊኖር ይችላል። የበር ስዊች፣ ኢንተርሎክ፣ ኦቨርሎድ። በዚያ ኮንታክት በኩል ሲጠፋ ማፈኛው ከጨዋታው ይወጣል፣ ኮይሉ ባዶውን ይቀራል። አውትፑቱ ሲያጠፋው ሰላም፣ በሩ ሲከፈት ብቻ ፒኤልሲው የሚደናገርበት ማሽን ካያችሁ ይህንን አስቡ።

አገጣጠሙ በዛሬ ዕቃ ቀላል ነው። ለኮንታክተር ኤ1 እና ኤ2 ላይ የሚሰካ ሞጁል ይሸጣል። ለሪሌ ሶኬቱ ላይ የሚገባ አለ። ለሶሌኖይድ ቫልቭ ደግሞ ማፈኛና መብራት ያለበት የኮኔክተር ራስ አለ። ሞጁሉ ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅና ኤሲ ወይም ዲሲ መሆኑን አንብቡ። የ24 ቮልት ቫሪስተር ሞጁል 230 ቮልት ላይ ከተሰካ በጭስ ነው የሚሰናበተው። ኮኔክተሩ ውስጥ ዳዮድ ካለ ደግሞ ፖላሪቲ አለው ማለት ነው። ድሮ የፈለጋችሁትን ሽቦ በፈለጋችሁት ጎን የምታስሩበት ቫልቭ አሁን አይፈቅድም።

ዳዮዱን በእጅ የምታስሩ ከሆነ እግሮቹን አሳጥሩ፣ በኢንሱሌሽን ሸፍኑ፣ ከሽቦው ጋር በአንድ ፌሩል (የሽቦ ጫፍ መጨመቂያ ቱቦ) ጨምቁት። በተርሚናል ስር ብቻውን የገባ ቀጭን እግር በንዝረት ይላቀቃል። ከተላቀቀም ማንም አያውቅም፤ ኮይሉ እንደ ወትሮው ይሠራልና።

ሽቦዎችን በተመለከተ አጭር ነው። የኮይሉን መሄጃና መመለሻ አብራችሁ ጎንጉኑ። ከሴንሰርና ከኮሙኒኬሽን ኬብል አርቁ። የግድ መገናኘት ካለባቸው በመስቀለኛ ይለፉ።

ደረጃ 8፦ ፍተሻ

ከማብራት በፊት በቴስተር ለኩ። እዚህ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ዳዮዱ ኮይሉ ላይ እንዳለ በዳዮድ መለኪያው ብትለኩ የምታዩት ቁጥር ዋጋ የለውም። ቴስተሩ 1 ሚሊአምፔር ያህል ቢልክ በ600 ኦም ኮይል ላይ 0.6 ቮልት ያሳያል። ልክ እንደ ጤነኛ ዳዮድ! ያውም ዳዮዱ ባይኖርም። ስለዚህ አንዱን እግር ነቅላችሁ ለኩ። በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7፣ በሌላው ምንም። በሁለቱም ዜሮ ከሆነ ሾርት ሆኗል፤ በሁለቱም ምንም ከሌለ ተቋርጧል።

ከዚያ አብሩ። ፊውዝ ከሄደ ወይም ፓወር ሰፕላዩ እየበራ እየጠፋ ከሆነ ዳዮዱ ተገልብጧል። ቶሎ አጥፉ። ትራንዚስተሩ እስካሁን ከተረፈ እድለኞች ናችሁ።

ኦሲሎስኮፕ ካለ እውነቱ እዚያ ይታያል። ኔጋቲቩን በሚያወርድ አውትፑት ላይ ኤ2ን ከኔጋቲቭ አንጻር እዩ። ማፈኛ ከሌለ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያለው ቀጭን ጫፍ፣ ከኋላው መንቀጥቀጥ። ዳዮድ ካለ 24.7 አካባቢ ላይ ለጥቂት ሚሊሰከንድ የተኛ መስመር። ዜነር ካለ 49 አካባቢ ላይ አጠር ያለ ጠፍጣፋ። ፖዘቲቩን በሚልክ አውትፑት ላይ ኤ1ን እዩ፤ ያው ነገር ከዜሮ በታች ይመጣል፣ በዳዮድ 0.7 ቮልት ያህል ወርዶ።

ፕሮቡን ግን ጠብቁ። ማፈኛ የሌለውን ኮይል በ1 ለ1 ፕሮብ አትንኩ። የ10 ለ1 ፕሮብም ገደብ ስላለው አንብቡት፤ ከተጠራጠራችሁ 100 ለ1 ውሰዱ። የኦሲሎስኮፕ የግራውንድ መቆንጠጫ ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ 230 ቮልት ላይ በፍጹም አትቆንጥጡት። ለዚያ ዲፈረንሻል ፕሮብ አለ።

ኦሲሎስኮፕ ከሌለ ችግሩን በሚያመጣው ኮይል ላይ አተኩሩ። ከጠረጠራችሁት ውጪ ያሉትን እንዳሉ ትታችሁ እሱን ብቻ ደጋግማችሁ አብሩና አጥፉ፤ በማፈኛም ያለ ማፈኛም። ጫጫታው ካልተለወጠ ኮይሉ ላይሆን ይችላል። ኮንታክተሩ የሚያቋርጠው ሞተርም ራሱ ትልቅ ኮይል ነው። ለሦስት ፌዝ ሞተር የሚሆን የአርሲ ማፈኛ ለብቻው ይሸጣል፤ የሚገጠመውም ከኮንታክተሩ ወጪ ወይም ሞተሩ ተርሚናል ላይ ነው። ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) የሚነዳው ሞተር ላይ ግን አትግጠሙት፤ ካፓሲተሩም ኢንቨርተሩም ይጎዳሉ።

ከተገጠመ በኋላ

የገጠማችሁትን በስዕሉ ላይ አስገቡ፤ ዓይነቱን፣ ቮልቴጁን፣ አቅጣጫውን። ነገ ሪሌውን የሚቀይረው ሰው ተመሳሳይ ቮልቴጅ ያለው፣ ግን ማፈኛ የሌለው ሪሌ ሊሰካ ይችላል። ማሽኑ ይሠራል፣ ጫጫታው ግን ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ሞጁሉ ለብቻው ሶኬቱ ላይ ከሆነ ይህ አይደርስም። ለዚህ ነው በሪሌው ውስጥ ካለ ዳዮድ ይልቅ ሶኬት ላይ የሚሰካውን የምወደው።

በጥገና ጊዜ ቫሪስተሮችን በዓይን እዩ። የጠቆረ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሲጠፋ የሞቀ ካለ ይቀየር። ካፓሲተሩ ያበጠ ሞጁልም እንዲሁ። ኮንታክተር ስትቀይሩ የድሮውን ሞጁል ወደ አዲሱ አታዛውሩ፤ የእሱም ዕድሜ አብሮ ሄዷል።